ትንሽ መኪና በጎማ ፋንታ በሰንሰለት መሄድ ትችላለችን?



ክረምት ሲገባ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ወደ ቀበሌ የሚገባው ጥርጊያ መንገድ ጭቃ ይሆናል። መኪና መጥታ ማጡ አፍ ላይ ትቆማለች። ወደ ፊት አትሄድ፣ ወደ ኋላ አትመለስ። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጣት ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። ጭቃ ይረጫል። ጉድጓዱን ያጠልቃል። በዚህ ጊዜ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ላይ ናት። ተሸካሚዎች ይፈራረቃሉ። ዝናቡ አያባራም። ቀኑም ይመሻል።

እንዲህ ባለው ቀን አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፣ «ዶዘር እኮ በዚሁ ጭቃ ውስጥ ይሄዳል። ታንክም ይሄዳል። ታዲያ ገንዘብ አዋጥተን አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ብንገዛስ? ጎማዋን አውልቀን ሰንሰለት ብንገጥምላትስ?» ቢል ምን ትሉታላችሁ?

የሳቃችሁበት እንደሆነ አጠፋችሁ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በሌላ አገር ተሠርቷል፤ ሄዷልም። ነገር ግን «ተሠርቷል» ማለትና «ለእኛ ይበጃል» ማለት ለየቅል ናቸው። እንግዲህ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

ጎማ ለምን ይሰምጣል?

«መኪና የምትሰምጠው ከባድ ስለሆነች ነው» የሚል ሰው አይታጣም። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ዶዘር ከትንሽ መኪና በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ሆኖም ትንሿ መኪና በሰመጠችበት ቦታ ዶዘር ያልፋል። ስለዚህ ክብደት ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ማጥ ላይ ሳንቃ አንጥፋችሁ ተሻግራችሁ ታውቃላችሁ? በባዶ እግር ስትረግጡት እስከ ጉልበት የሚውጠው ማጥ፣ ሳንቃ ሲነጠፍበት ይሸከማችኋል። ክብደታችሁ ቀነሰ እንዴ? አልቀነሰም። ክብደታችሁ በሰፊ ቦታ ላይ ተከፋፈለ እንጂ።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሎሚው ያው ሃምሳ ነው። የተለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው። መሬትም እንደዚሁ ነው። ክብደቱን ትንሽ ቦታ ብቻውን ሲሸከመው ይሰበራል። ብዙ ቦታ ሲካፈለው ግን ይችለዋል።

የመኪና ጎማ ክብ ነው። ክብ ነገር ደግሞ መሬትን የሚነካው በጥቂቱ ነው። የትንሽ መኪና አንድ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ከአንድ ሰው እጅ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ መኪናዋ ከነሰዎቿ በአራት መዳፍ ላይ ቆማለች ማለት ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራ

መደመርና ማካፈል የተማራችሁ እርሳስ ያዙ። ቁጥሮቹን ለመማሪያ እንዲመቹ አቅልለናቸዋል።

ትንሿ መኪና ከነሰዎቿ 1000 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። አንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ 125 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሁን። ካሬ ሳንቲ ሜትር ማለት ጎኑና ቁመቱ አንዳንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦታ ነው፤ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላል። አራቱ ጎማዎች 4 ጊዜ 125፣ ማለትም 500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይነካሉ። 1000 ኪሎ ለ500 ሲካፈል 2 ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥፍር ያህል ቦታ ላይ 2 ኪሎ ያርፋል።

አሁን ጎማው ወልቆ ሰንሰለት ይግባ። ሰንሰለቱና ብረቱ ስለሚከብዱ የመኪናዋ ክብደት ወደ 1500 ኪሎ ከፍ ይበል። የአንዱ ሰንሰለት ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ የሚተኛው ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 20 ጊዜ 150፣ 3000 ነው። ሰንሰለቱ በቀኝና በግራ ሁለት ስለሆነ 6000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 1500 ለ6000 ሲካፈል 0.25 ነው፤ ሩብ ኪሎ ማለት ነው።

አያችሁ? መኪናዋ ከበደች፤ መሬቱን የምትጫነው ግን በስምንት እጥፍ ቀነሰ።

ይህን ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው የአንድ እግሩ መዳፍ 150 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሲራመድ በአንድ እግሩ በሚቆምበት ጊዜ መሬቱን በ0.4 ኪሎ ይጫናል። ሰንሰለት የተገጠመላት መኪና በባዶ እግሩ ከሚሄድ ሰው ይልቅ መሬቱን ታቀልለታለች ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ለሰሚው ይደንቃል። ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

ግመልና በቅሎ

የአንኮበር ሰው ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቀዋል። ለምን ቢሉ፣ አንኮበር የሁለት ዓይነት እግር መገናኛ ስለሆነ ነው።

አልዩ አምባ ከአፋር ቆላ የሚመጣ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፍበት የጥንት ገበያ ነው። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ ነው። አሸዋ ሲረግጥ ይዘረጋል እንጂ አይሰምጥም። ወደ አንኮበር ተራራ ሲመጣ ግን ያ ሰፊ እግር በድንጋዩና በድጡ ላይ ያንሸራትተዋል። በዚያ ላይ ያለውን መንገድ የሚወጣው በቅሎና አህያ ነው። ኮቴያቸው ጠባብና ጠንካራ ነው። ድንጋይ ቆንጥጦ ይይዛል።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም.፣ ካፒቴን ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ መልእክተኛ ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ አንኮበር መጥቶ ነበር። በረሃውን ያቋረጠው በግመል ነው። ወደ ተራራው የሚወጣው ጓዝ ግን ከግመል ወርዶ በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ነው የተጓጓዘው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰንሰለት እንደ ግመል እግር ነው፤ ለስላሳ መሬት ላይ ይበረታል። ጎማ እንደ በቅሎ ኮቴ ነው፤ ደረቅ መሬት ይወዳል። «የቱ ይሻላል?» ተብሎ ከመጠየቁ በፊት «የት ላይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰንሰለቱ እንዴት ይሠራል?

ሁለት ሳንቃ ብቻ ይዛችሁ ሰፊ ማጥ ለመሻገር ብትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱን ታነጥፋላችሁ፤ ትቆሙበታላችሁ። ሁለተኛውን ከፊት ታነጥፋላችሁ፤ ትሻገሩበታላችሁ። የኋላውን ደግሞ አንሥታችሁ ወደ ፊት ታደርጋላችሁ። እንዲህ እያላችሁ ማጡን ትጨርሳላችሁ። ሰንሰለት ያለው መኪና የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መንገዱን ራሱ ተሸክሞ ይዞራል። ከፊት ያነጥፋል፤ ከኋላ ያነሣል።

ለዚህ ሥራ አራት ዋና ዋና ክፍሎች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ ጥርስ ያለው መዘውር ነው። ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ ሰንሰለቱን ይጎትታል። የብስክሌት ጥርስ ሰንሰለቷን እንደሚጎትት ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መወጠሪያ መዘውር ነው። በሌላው ጫፍ ሆኖ ሰንሰለቱን ወጥሮ ይይዛል። ሰንሰለቱ ከላላ ይወልቃል። እጅግ ከተወጠረ ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ በመካከል ያሉት ትንንሽ ተሸካሚ መዘውሮች ናቸው። የመኪናዋን ክብደት ተቀብለው ለሰንሰለቱ ሁሉ ያካፍሉታል። የሃምሳ ሎሚው ተሸካሚዎች እነዚህ ናቸው። እነርሱ ከሌሉ ሰንሰለቱ መሬቱን በጫፍና በጫፍ ብቻ ይጫናል፤ ቅድም ያወጣነው ስሌትም አይሠራም።

አራተኛ፣ ሰንሰለቱ ራሱ ነው። በቡሎን ከተያያዙ ብረቶች ወይም ከወፍራም ላስቲክ ይሠራል። በውጭ በኩል መሬት የሚቆነጥጥበት ጥርስ አለው።

መዞሪያውስ? ሁለት ጎኑ በሙሉ ሰንሰለት የሆነ መኪና የፊት ጎማ የለውም። ታዲያ እንዴት ይዞራል? መልሱን እርሻ ላይ ታዩታላችሁ። ጥማድ በሬ ትልሙን ጨርሶ ሲመለስ የውስጡ በሬ ባለበት ይረግጣል፤ የውጩ ግን ዞሮ ይመጣል። ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። ወደ ግራ ለመዞር የግራው በፍሬን ይያዛል፤ የቀኙ ይሄዳል።

ይህን ማን ጀመረው?

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ለጦርነት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ግን ታንክ ጦር ሜዳ ላይ ከመታየቱ በፊት ባለ ሰንሰለት መኪና በእርሻ ላይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን በተባለ ከተማ አካባቢ ያለው የእርሻ መሬት ረግረግ ነው። በእንፋሎት የሚሠሩት የዚያን ጊዜ ትራክተሮች እጅግ ከባድ ስለነበሩ ይሰምጡ ነበር። ባለሙያዎች የብረት ጎማውን ማስፋት ጀመሩ። ሰፋ፤ አሁንም ሰፋ። በመጨረሻ ትራክተሩ ለመዞር እስኪያቅተው ድረስ ተንጠራራ። ቤንጃሚን ሆልት የተባለ የእርሻ መሣሪያ ሠሪ ግን ሌላ ዘዴ አሰበ። በኅዳር ወር 1897 ዓ.ም. ጎማውን አውልቆ እንጨት የተደረደረበት ሰንሰለት አጠለቀለት። ትራክተሩ ረግረጉ ላይ ሄደ። አካሄዱ አባጨጓሬ ስለሚመስል በእንግሊዝኛ አባጨጓሬ ተባለ። «ካተርፒላር» ማለት ይኸው ነው።

ትንሽ መኪናን በመለወጥ ረገድ ስሙ የሚነሣው አዶልፍ ከግረስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የሩሲያው ንጉሥ የዳግማዊ ኒኮላስ መኪናዎች በእርሱ እጅ ነበሩ። የሩሲያ በረዶ በክረምት ጎማ ይውጣል። ከግረስ ሁሉን አላፈረሰም። የፊቱን ለመሪ ተወው፤ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ አውልቆ የላስቲክ ሰንሰለት ገጠመ። ይህ ግማሽ ሰንሰለት ይባላል። በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ከሲትሮይን ፋብሪካ ጋር ሠራ። በ1915 ዓ.ም. በዚህ ዓይነት የተሠሩ አምስት መኪናዎች ከአልጄሪያ ከቱጉርት ተነሥተው የሰሃራን በረሃ አቋርጠው ቲምቡክቱ ገቡ። ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ፈጀባቸው።

ሌላም አለ። የኤቨረስትን ተራራ ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ፣ በታኅሣሥ 1950 ዓ.ም. የምድር ደቡብ ጫፍ የደረሰው በተራ የእርሻ ትራክተር ነው። ትራክተሮቹ ፈርጉሰን ነበሩ። ጎማቸው አልወለቀም። በፊትና በኋላ ጎማቸው ላይ ሰንሰለት ተጠመጠመ፤ በመካከል አንድ ረዳት ጎማ ተጨመረ። በዚያ ሁኔታ በረዶውን ተሻገሩ።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር እንማር። ረግረግ፣ አሸዋ፣ በረዶ። ሦስቱም ለስላሳ ናቸው። ሦስቱም ብዙውን ጊዜ ሜዳ ናቸው።

በአገራችንስ?

በአገራችን መኪና ገና ብርቅ በነበረበት በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና አምጥቶ ነበር። ሰፋፊ የብረት መንኮራኩር ነበረው። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። አጼ ምኒልክ መጀመሪያ በአውቶሞቢል የተጓዙት ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ነው። አንኮበር ከእንጦጦና ከአዲስ አበባ በፊት መናገሻቸው ነበረች፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ወደ አንኮበር የሚመጣ ሰው በበቅሎ ነበር የሚመጣው።

በሰንሰለት የሚሄድ ትንሽ መኪና ብዙ ኢትዮጵያውያን ያዩት በክፉ ቀን ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን ሦስት ቶን ያህል የሚመዝኑ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሽ ታንኮች ይዞ መጣ። በታኅሣሥ ወር የራስ እምሩ ጦር በሽሬ በኩል ደምበጉና ላይ ገጠማቸው። ቦታው ጠባብና ድንጋያማ ነበር። ታንኮቹ እንደ ልብ መዞር አቃታቸው። መትረየሳቸው ወደ ኋላ አይዞርም። ጀግኖቹ ይህንን አይተው ከኋላና ከጎን ወጡባቸው፤ ማረኳቸውም። ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። ድንጋይና ጠባብ መንገድ የሰንሰለት ጠላት ነው። ይህን የመሰከረው የአገራችን ተራራ ነው።

ትንሽ መኪና ለመለወጥ ምን ያስፈልጋል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ይህ ሥራ የባለሙያ ጋራዥ ሥራ ነው። እናንተ ግን ነገሩን ብታውቁት ማንም አያታልላችሁም።

መጀመሪያ መኪናዋ ትመረጣለች። ለግማሽ ሰንሰለት የሚመቸው በኋላ ጎማ የሚገፋው ነው። ቮልስና አሮጌዋ ላዳ እንዲህ ያሉ ናቸው። በፊት ጎማ የሚጎትቱትን ለመለወጥ ሥራው ይበዛል።

ቀጥሎ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ጠንካራ የብረት ሻንሲ ይበየዳል። የትንሽ መኪና አካል ከቀጭን ላሜራ የተሠራ ነው። የሰንሰለቱን ጉተታ ብቻውን አይችልም፤ ይጣመማል።

ከዚያ የኋላ ጎማው ከነቸርኬው ይወልቅና በሞዞው ላይ ጥርሳሙ መዘውር በቡሎን ይታሰራል። ተሸካሚዎቹ መዘውሮች ከነኩሽኔታቸው ይገጠማሉ። ኩሽኔታው ጭቃና አሸዋ እንዳይገባበት መታፈን አለበት። ግራሶም ዘወትር ይፈልጋል። ጭቃ የገባበት ኩሽኔታ ዕድሜ የለውም።

ከዚያ በኋላ የሰንሰለቱ መወጠሪያ ይበጃል። በመጨረሻ የግራውንና የቀኙን ለየብቻ የሚይዝ ፍሬን ይሠራል።

በውጭ አገር ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ሰንሰለት አለ። ሦስት ማዕዘን ቅርጽ አለው። ጎማ ተፈትቶ በሞዞው ላይ ይታሰራል። ሥራው ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ከአሮጌዋ መኪና ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ምን ይበላሻል?

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሻጭ የማይነግራችሁ ይህንን ነው።

ፍጥነት ይቀንሳል። የጎማው ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር የነበረ እንደሆነና የመዘውሩ ቁመት 40 ከሆነ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው መኪና በዚያው ማርሽ 40 ብቻ ትሄዳለች።

ነዳጅ ይጨምራል። ሰንሰለቱን ራሱን ለማዞር ሞተሩ ይደክማል። ቁልቁል ካልሆነ በቀር ነዳጅ ሳይሰጣት አትንሸራሸርም።

ሰሚያስ ይሰበራል። ሰሚያስ ማለት ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ነው። ለምን ይሰበራል? ጎማ ሲያቅተው ይንሸራተታል። ስትናደዱበት የኖራችሁት ያ መንሸራተት ሰሚያሱን ያድነው ነበር። ሰንሰለት ግን መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ አይንሸራተትም። ሞተሩ ሲገፋ፣ መሬቱ ሲይዝ፣ በመካከል ያለው ዘንግ ይቀነጠሳል። ሞፈሩ ሥር ሲይዘው በሬዎቹ ቢገፉበት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

መንገድ ይፈርሳል። የብረት ሰንሰለት አስፋልቱንም ጠጠሩንም ይቦጫጭቃል። በተለይ ሲዞር መሬቱን ይገለብጠዋል። ሰው ሁሉ ደክሞ የጠረገውን መንገድ አንዲት መኪና ታርሰዋለች ማለት ነው።

ሰንሰለት ይወልቃል። በጎን ዘንበል ባለ መሬት ላይ ሲዞር፣ ወይም ድንጋይ በመዘውሩና በሰንሰለቱ መካከል ሲገባ፣ ከቦታው ይወጣል። የአንዱ ጎን ሰንሰለት የወለቀ እንደሆነ መኪናዋ በዚያ ጎን አትያዝም፤ አቅጣጫ ትስታለች።

የሕግም ነገር አለ። ማንኛውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል፤ የሦስተኛ ወገን መድንም ይገባል። አካሏን የለወጣችኋት መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ ሰው ጭና እንድትሄድ ከፈለጋችሁ፣ ብረት ከመቆረጡ በፊት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። ከተሠራ በኋላ «አይቻልም» ቢባል ገንዘቡ አይመለስም።

ታዲያ ለአንኮበር ይበጃል ወይ?

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ሁለት ዓይነት አገር አለ።

አንደኛው የደብረ ብርሃን ሜዳ ነው። ሰፊ ነው። ዋልካ መሬት አለው። ክረምት ሲገባ ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ጎማ ይውጣል። ባለ ሰንሰለት መኪና እንዲህ ባለው ቦታ ጥቅም ይሰጣል። ሆልትም ይህን ነበር ያሰበው።

ሁለተኛው ሜዳው አልቆ ተራራው ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ያለው አገር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ አንድ ጎኑ ገደል፣ ሌላ ጎኑ ድንጋይ ነው። ማጡ አለ፤ ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነው እንጂ መንገዱ ሁሉ ማጥ አይደለም። ለሁለት ወይም ለሦስት ማጥ ተብሎ በተቀረው መንገድ ሁሉ የማይመች እግር መግጠም ግመልን ተራራ እንደ ማውጣት ነው።

ደግሞ ይህን አስቡ። ጭቃ ላይ የቆመች መኪና ታዘገያለች እንጂ ራሷ ሰው አትገድልም። ሰዎቹ ወርደው ቃሬዛውን ይይዛሉ። ገደል አፋፍ ላይ ሰንሰለቷ የወለቀ መኪና ግን ታማሚዋንም፣ አስታማሚውንም፣ ሾፌሩንም ይዛ ትሄዳለች። እናቲቱን ለማዳን ብለን የሠራነው ነገር እናቲቱን እንዳይገድላት።

ስለዚህ የጎልማሳው ሐሳብ ብልህ ሐሳብ ነው። በዋልካው ሜዳ፣ በባለሙያ እጅ ቢሆን ያስኬዳል። ለተራራው ግን አይበጅም።

እንግዲያስ ምን እናድርግ?

ሰንሰለቱን ስንመረምር አንድ ቁም ነገር አግኝተናል። ክብደት በሰፊው ሲከፋፈል መሬት ይችላል። ይህንኑ ነገር መኪና ሳይቆረጥ መሥራት ይቻላል።

1. ውሃውን አውጡት። የማጥ አባቱ ውሃ ነው። ከመንገዱ በላይ በኩል ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን ወደ ጎን ምሩት። ይህ ሥራ የበልግ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

2. ማጡን ድንጋይ አልብሱት። መጀመሪያ ጭቃውን ዛቁ። ትልልቁን ድንጋይ ከሥር፣ መካከለኛውን ከላይ፣ ጠጠሩን ከሁሉ በላይ አድርጋችሁ ደልድሉ። ድንጋዩ የጎማውን ክብደት ለሰፊው መሬት ያካፍለዋል። ሰንሰለቱ በመኪናዋ ላይ መሆኑ ቀርቶ በመንገዱ ላይ ተነጠፈ ማለት ነው። ድንጋይ ደግሞ በአንኮበር አይገዛም።

3. የጎማ ካቴና ያዙ። ይህ ጎማው ላይ የሚጠመጠም የብረት ሰንሰለት ነው። ጎማው ሳይወልቅ መሬት ይቆነጥጣል። ጭቃው ላይ ይታሰራል፤ ደረቅ መሬት ሲደረስ ይፈታል። ሳይፈታ ከተነዳ ጎማውንም መንገዱንም ይበላል።

4. ነፋስ ቀንሱ። ማጡ ከመድረሱ በፊት የጎማው ነፋስ በግማሽ ቢቀነስ ጎማው ይተኛል፤ መሬት የሚነካበት ቦታ እጥፍ ያህል ይሆናል። ቅድም 2 ኪሎ የነበረው ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ማጡ ካለፈ በኋላ ግን ነፋሱ መሞላት አለበት፤ አለበለዚያ ካላማዳሪው ይበላሻል፤ መኪናዋም በመታጠፊያ ላይ አትታዘዝም።

5. ጎማ ሲሽከረከር ሾፌሩ ያቁም። መሽከርከር ጉድጓድ መቆፈር ነው። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ዛቁ፤ ድንጋይ ወይም ሳንቃ አስገቡ፤ ከዚያ በዝግታ ይነዳ።

6. ከሁሉ በላይ ለምጥ መንገድ አትጠብቁ። በብዙ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ አለ። እርጉዝ ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ፣ እግሯ ሳይከብድ፣ መንገዱም ሳይዘጋ ሄዳ እዚያ ትቆያለች። ቀኗ ክረምት ላይ የሚውል ሴት ካለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ከወዲሁ አማክሩ። ከዚህም ጋር ቃሬዛው ተጠግኖ ይቀመጥ። ማን ከማን ጋር እንደሚሸከም አስቀድሞ በዝርዝር ይጻፍ። መጻፍ ተምራችሁ የለ? ይኸው አንዱ ጥቅሙ ነው።

የበቅሎን አገር በበቅሎ፣ የግመልን አገር በግመል መሄድ ከጥንት የምታውቁት ብልሃት ነው። በሞተር ዘመንም ያው ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ አትሽሹት፤ ዝም ብላችሁም አትቀበሉት። ክብደቱን መዝኑ፣ ቦታውን ለኩ፣ አካፍሉት። መልሱ በቁጥር ይወጣል።

በቡድን ሆናችሁ የምትሠሩት ጥያቄ

1. አንድ በሬ 300 ኪሎ ይመዝናል። የአንዱ ኮቴው ስፋት 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በአራት እግሩ ሲቆም በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ስንት ኪሎ ያርፋል?

2. በሬው ማጥ ውስጥ ሲገባ ከሰው ይልቅ ለምን ይሰምጣል?

3. በቀበሌያችሁ መኪና የሚይዙ ማጦች ስንት ናቸው? የትኞቹ ናቸው? በየትኛው ይጀመር? ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሄዳችሁ አይታችሁ ጻፉ።